ስለ ድንች ቂጣ፤ ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብ አንድ አለመኾናቸው

ምግብ ኹሉ ሆድን ይሞላል፤ ሆድን የሚሞላ ኹሉ ግን ሰውነትን አይመግብም። ይህ ነገር ለሰሚው ቀላል መስሎ ቢታይም፥ ብዙ ቤት ሳይገነዘበው ይኖራል። መሶቡ ሙሉ ኾኖ ሳለ ልጁ ሲገረጣና ጕልበቱ ሲደክም ያየ አባት፥ ምክንያቱን ከብርድና ከምች ይፈልጋል እንጂ ከመሶቡ አይፈልግም። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን አንድ ተራ ነገር፥ ይኸውም ድንችንና ከድንች የሚጋገረውን ቂጣ አንሥተን፥ ምን እንደሚሰጥ፥ ምን እንደሚጐድለው፥ በምንም ምክንያት ሊጐዳ እንደሚችል ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን።

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ያለው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በዚያ ከተተከለው፥ ያለ ሽቦ በነፋስ ወሬን ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው። ዛሬ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለከተማው ቤቶች ወሬ ብቻ ሳይኾን የወጥ ማድረጊያ የሚደርስበት ስፍራ ኾኗል። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ ከተዛወረ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. ወደ ላፍቶ፥ ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር መጥቷልና። ገና ጎሕ ሳይቀድ በጭነት መኪና የሚወርደውን ሽንኵርት፥ ቲማቲም፥ ጥቅል ጎመንና ድንች ያየ ሰው፥ የከተማው ማድቤት ከየት እንደሚሞላ ይረዳል። ከዚህም ኹሉ መካከል ለሀብታሙም ለድኻውም፥ በጾሙም በፍስኩም የሚኾነው ድንች ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በጎፋ ሰፈር የምናውቃት አንዲት ወይዘሮ አለች። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። እኅቷ በስኮትላንድ አገር ትምህርቷን ፈጽማ በተመለሰች ጊዜ፥ በዚያ ለቁርስ የሚበላውን የድንች ቂጣ አሠራር አስተማረቻት። ልጆቹም እጅግ ወደዱት። ጧት ቂጣው ከሻይ ጋር ይቀርባል፤ በምሳ ዕቃም ይኸው ቂጣ ይቋጠራል፤ ማታ የተረፈው ይሞቃል። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ እናት ደስ ይላታል። ለብዙ ወራት ነገሩ እንዲህ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የመካከለኛው ልጅ በትምህርት ቤት ማንቀላፋት ዠመረ፤ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ የዐይኑ ቆብ ውስጡ ነጣ። ወደ ሐኪም በተወሰደም ጊዜ ደሙ አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ እናቲቱን የጠየቃት ምን ያህል እንደሚበላ አልነበረም። «ከምን ጋር ነው የሚበላው?» አላት። «ከሻይ ጋር» ስትል መለሰች። «ሌላስ?» ቢላት ዝም አለች። ልጁ አልተራበም ነበር፤ አልተመገበም ነበር እንጂ። ይህችን ወይዘሮ ልንወቅሳት አይገባም፤ በየቤታችን ያለው ነገር ነውና። ይልቁንስ ሐኪሙ የጠየቀውን ጥያቄ እኛም ለራሳችን እየጠየቅን ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

ድንች ከየት መጣ

የድንች ጥንተ አገሩ በደቡብ አሜሪካ፥ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች የሚገኘው የአንዲስ ተራራ ነው። እስፓኞች በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ አመጡት። በዚያም ሕዝቡ ብዙ ዘመን ሲጠራጠረው ኖረ፤ በፈረንሳይ አገር የፓሪስ የሕክምና መምህራን ለሰው ምግብ እንደሚኾን የመሰከሩለት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1772 ነው።

ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የሚባለው የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ እንደ ኾነ ይነገራል፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1858 ነው። ይህ ሰው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ በትግራይና በሰሜን ዕፀዋትን ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዐድዋ ዐረፈ። ከእርሱ አስቀድሞም ቢኾን አገራችን ሥራ ሥር አላጣችም፤ የኦሮሞ ድንች ወይም የወላይታ ድንች የሚባለው የራሳችን ተክል ነው። ስሙን ከውጭ ከመጣው ጋር ይካፈላል እንጂ በዘር ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ከቲማቲም ወገን፥ ሁለተኛው ከናና ወገን ነው።

የውጭው ድንች በሰፊው መተከል የዠመረው ከክፉው ቀን ወዲህ ነው። ከ1881 እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ከብቱ በበሽታ ባለቀና በሬ በጠፋ ጊዜ፥ በዶማና በመቈፈሪያ ተተክሎ በሦስትና በአራት ወር ለምግብ የሚደርስ ተክል ለገበሬው መዳኛ ኾነ። በእኛም ዘመን የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ጃለኔ፥ ጉዳኔና በለጠ የተባሉትን የተመረጡ ዘሮች ለገበሬው አውጥቷል።

የስኮትላንድ ሰዎች ቂጣ

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ በስተሰሜን ያለች፥ ብርድና ዝናም የበዛባት ደጋ አገር ናት። ስንዴ በደንብ የሚበቅለው በጥቂቱ ክፍሏ ስለ ኾነ፥ ሕዝቧ የኖረው በአጃና በገብስ ቂጣ ነው። የድኻው ቤት ምድጃ እንጂ የዳቦ መጋገሪያ እቶን አልነበረውም፤ ስለዚህ ቂጣውን በእሳት ላይ በሚጣድ ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ይጋግሩት ነበር። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይኾንበትም፤ የሸክላ ምጣዳችን ሥራው ይኸው ነውና። በ18ኛው መቶ ዓመት ድንች በአገራቸው በተስፋፋ ጊዜ፥ ከራት የተረፈውን ድንች እንዳይባክን በዱቄት አሽተው በዚያው ምጣድ መጋገር ዠመሩ። በቋንቋቸው ድንችን ታቲ ይሉታልና ቂጣውን ታቲ ስኮን ብለው ጠሩት። ክቡን ቂጣ በመስቀልኛ ከአራት ይቈርጡታል፤ የአንዱንም ቍራጭ ስም ፋርል ይሉታል፤ ትርጓሜው አራተኛ እጅ ማለት ነው። እስከ ዛሬም በቁርስ ጊዜ ከዕንቍላልና ከሥጋ ጋር ይበሉታል። ይህን «ከዕንቍላልና ከሥጋ ጋር» የሚለውን ነገር አንባቢው ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል። በሙቀቱ ተልጦ እስኪልም ይፈጫል፤ ጓል እንዳይቀርበት ያስፈልጋል። 30 ግራም ቅቤና የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ 100 ግራም ያህል ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ ይታሻል፤ ድንቹ ውኃ ከበዛበት ዱቄቱ ጥቂት ይጨምራል። ነገር ግን ሲታሽ ብዙ የቈየ እንደ ኾነ ሙጫ ይመስላልና፥ እጅ ሳይበዛበት መያያዙ ብቻ ይበቃል። እርሾና ስኳር አይገባበትም። ሊጡ ከሁለት ተከፍሎ፥ እያንዳንዱ የጣት ግማሽ ያህል ውፍረት ባለው ክብ ይዳመጣል፤ ከአራት ተቈርጦም በጋለና ጥቂት በተሰሰ ምጣድ ላይ በየገጹ ሦስት አራት ደቂቃ ይጋገራል። ስምንት ቍራጭ ይወጣዋል። በጾም ቀን በቅቤው ፈንታ የኑግ ዘይት ቢገባበት ጣዕሙ ይለወጣል እንጂ አይበላሽም።

በቂጣው ውስጥ ያለው

ድንች ከመቶ እጅ ሰባ ሰባቱ ያህል ውኃ ነው። ከነልጣጩ የተቀቀለ 100 ግራም ድንች 87 ካሎሪ ያህል ሙቀት፥ 20 ግራም ያህል ኀይል ሰጪ ስታርችና ከ2 ግራም ጥቂት ያነሰ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ስቡ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ግን 379 ሚሊግራም ያህል ይገኝበታል። ስለዚህ ድንች ብቻውን ያወፍራል የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል፤ የሚያወፍረው የሚጠበስበት ዘይትና የሚለቀለቅበት ቅቤ ነው።

ከዚህ በላይ የምናወጣው ቂጣ በየቍራጩ 125 ካሎሪ ያህል፥ 3 ግራም ያህል ስብና ሁለት ግራም ተኩል ያህል ፕሮቲን ይኖረዋል። ሁለት ቍራጭ የበላ ልጅ እንግዲህ 5 ግራም ፕሮቲን አገኘ ማለት ነው። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ላለ ልጅ በቀን 19 ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ላለው ደግሞ 34 ግራም ያህል። ቍጥሩን አስተያይቶ የተመለከተ ሰው ጕድለቱን ያየዋል። ልጁ በቂጣው ብቻ ፕሮቲኑን ይሙላ ቢባል፥ ሆዱ አስቀድሞ ይሞላና ፍላጎቱ ሳይሞላ ይቀራል።

የድንች አንዱ ትልቅ ስጦታ ቪታሚን ሲ ነው። ቀድሞ መርከበኞች በረዥም ጕዞ ድዳቸው እየደማ ጥርሳቸው እየረገፈ ይሞቱበት የነበረውን በሽታ የሚከለክል ይህ ነው። ነገር ግን ይህ ቪታሚን እሳትና ውኃ የሚያሸንፉት ነው። በጥሬው ድንች በ100 ግራም 20 ሚሊግራም ያህል ይገኛል፤ ከነልጣጩ ሲቀቀል 13 ያህል ይቀራል፤ ተልጦ ሲቀቀል ግን ወደ 7 ይወርዳል። እንግዲህ አንዲት የቤት እመቤት ድንቹን ከመቀቀሏ በፊት መላጧን ትታ ከቀቀለች በኋላ ብትልጥ፥ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር ለልጆቿ የዚህን ቪታሚን እጥፍ ያህል አተረፈችላቸው። ተፈጭቶ ውሎ ሲያድርና ደጋግሞ ሲሞቅም እየቀነሰ ይኼዳልና፥ በዕለቱ ጋግሮ በዕለቱ መብላት ይሻላል።

የጐደለውን ስለ መሙላት

አኹን ወደ ጎፋይቱ ወይዘሮ ቤት እንመለስ። ልጇን የጐዳው ድንቹ አልነበረም፤ ድንቹ ብቻውን መኾኑ ነው። ነጩ የስንዴ ዱቄትም የሚረዳው በጥቂቱ ነበር፤ በወፍጮ ሲጠራ ብዙው ማዕድኑ ከገለባው ጋር ይወጣልና። በዚህ ላይ ሻይ ተጨመረ። በሻይ ውስጥ ያለው ጐምዛዛ ነገር በእህል ውስጥ የሚገኘውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክለዋል። ብረት ያነሰው ደም ደግሞ ይቀጥናል፤ ደሙ የቀጠነ ልጅ ይደክመዋል፤ የደከመው ልጅ ትምህርቱ አይገባውም። ከዚህ የተነሣ ሰነፍ ተብሎ የሚገረፍ ልጅ ስንት እንደ ኾነ ማን ያውቃል?

ሐኪሙ ለልጁ የብረት መድኃኒት ሰጠው። ለእናቲቱ ግን ድንቹን ተዪው አላላትም፤ ጓደኛ ስጪው አላት እንጂ። እርሷም በምክሩ የስንዴውን ዱቄት እኩሌታ በጤፍ ዱቄት ለወጠችው። ጤፍ ከነጩ ስንዴ ይልቅ በብረትና በካልሲየም እጅግ ይበልጣል፤ በድንቹ ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲም የጤፉ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። መልኩ ቢጠቍርም ልጆቹ ለመዱት። በፍስክ ቀን ከቂጣው ጋር አንድ አንድ ዕንቍላል ታቀርባለች፤ አንዱ ዕንቍላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በጾም ቀን ምስር ወጥ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ታደርግለታለች፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣልና። ጥቂት የተቀቀለ ጎመንም አይቀርም። ሻዩን ከገበታ አንሥታ፥ ከምግብ ከአንድ ሰዓት በኋላ አደረገችው። ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ በጓሮ ኳስ ሲራገጥ አይተነዋል።

የስኮትላንድ ሰዎች ቂጣቸውን ከዕንቍላልና ከሥጋ ጋር ይበላሉ ያልነውም ስለዚህ ነው። ከሩቅ አገር የመጣን ምግብ ስንቀበል ብቻውን አንቀበል፤ ከነጓደኞቹ እንቀበል፤ ወይም ከየቤታችን ጓደኛ እንፈልግለት።

በአንድ ነገር ብቻ መደገፍ የሚያመጣውን ጕዳት ደግሞ ታሪክ በሰፊው ጽፎታል። በአየርላንድ አገር ድኻው ሕዝብ ከሞላ ጐደል በድንች ብቻ ይኖር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ቅጠሉን አጥቍሮ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ በድንቹ ላይ ወረደ፤ እስከ 1852 ድረስ በዘለቀውም ራብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ በባሕር ተሰደደ። በ1846 በሽታው ወደ ስኮትላንድ ደጋ ገባ፤ በዚያም ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ትቶ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ኼደ። ያ በሽታ ዛሬም በአገራችን ደጋ በክረምት ድንችን የሚያጠቃው ነው። ለእርሻ የሚኾነው ምክር ለገበታም ይኾናል፤ ማሳም ገበታም በአንድ ዐይነት ብቻ አይደገፍ።

ስለ አረንጓዴው ድንች

አኹን በራሳችን ቤት የደረሰውን ሳንሸሽግ እንናገር። ባለፈው ክረምት አንድ ጆንያ ድንች ገዝተን በመስኮት አጠገብ አኖርነው። ሳምንታት ቈይቶ ልጣጩ አረንጓዴ ኾነ፤ ዐይኖቹም አበቀሉ። ወጣቲቱ ባለቤት «ቀለም ነው፤ ሲቀቀል ይለቃል» ብላ ቀቅላ ቂጣ አደረገችው። አማቷ አንድ ጊዜ ቀምሰው ቍራጩን አስቀመጡት።

«ልጄ፥ ይህ ነገር ይመርራል» አሏት።

«እማማ፥ ጨው አንሶት ይኾናል» አለች።

«ጨው ያነሰው ነገር ይልማል እንጂ አይመርም። ለልጆቹ እንዳትሰጪያቸው» አሏትና ሳሕኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

እኛ ግን ምግብ መጣል ነውር መስሎን ሁለት ሁለት ቍራጭ በላን። ሌሊቱን በሆድ ቍርጠትና በማስመለስ አነጋን። ልጆቹን ያዳናቸው የአሮጊቲቱ ምላስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይኾናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ እንደ ማንኛውም ቅጠል ቀለም ነው፤ አይጐዳም። ነገር ግን ያው ብርሃን ሶላኒን የሚባለውንና ወገኖቹን መራራ መርዞች በልጣጩ፥ በዐይኑና በቡቃያው ያበዛዋል። ይህ መርዝ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ብዙ የበላ ሰው ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፥ ሆዱንና ራሱን ያመዋል፤ በልጆች ላይ ሰውነታቸው ትንሽ ስለ ኾነ ይበረታል። ስለዚህ ጥቂት ቦታ ብቻ አረንጓዴ የኾነውን አወፍሮ መላጥ፥ ዐይኑንም አጥልቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ብዙው አረንጓዴ የኾነውን፥ በጣም ያበቀለውንና ሲቀምሱት የሚመረውን ግን ያለ ኀዘን መጣል ይገባል።

ድንች ሲገዛ ጠንካራ፥ ያልቈሰለና አረንጓዴ ያልነካው ይመረጥ። በቤትም ጨለማና ቀዝቃዛ በኾነ፥ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ በጆንያ ወይም በቅርጫት ይቀመጥ፤ በላስቲክ ከረጢት ታፍኖ ከተቀመጠ ይልባል፥ ይበሰብሳል። ከሽንኵርት ጋር ባይደባለቅ ይሻላል፤ አንዱ ሁለተኛውን ያበላሻልና። አጥቦ ማስቀመጥም አይገባም፤ የሚታጠበው ሊቀቀል ሲል ነው።

ለማን እንደማይበዛ

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የድንች ቂጣን መጠኑን አሳንሶ፥ ከጎመንና ከምስር ጋር ቢበላው ይሻለዋል፤ የድንች ስታርች በፍጥነት ወደ ደም ስኳር ይለወጣልና። የኵላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፖታሲየሙ ሊከብደው ይችላልና አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ድንቹን ሳይኾን ጨውንና ቅቤን ይፍራ፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ የቀኑ ጨው በጠቅላላው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት መክሯልና።

በትልልቅ ቤቶች ድንች የጾም ቀን ማሟያ ወይም የሥጋ ወጥ ማብዣ ኾኖ ይቈጠራል፤ ለእንግዳ ሲቀርብም የሚያፍር አይታጣም። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። በሌላም በኩል ርካሽነቱን ብቻ አይቶ ልጆቹን በእርሱ ብቻ የሚያሳድግ ቤት እንዳይኖር እንመኛለን። ድንች በገበታችን ላይ ክብር ያለው ወንድም ይኹን እንጂ ብቻውን ቤት የሚያቆም ምሰሶ አይኹን።

ጌታዬ፥ ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎን «በላህ ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉ። «ከምን ጋር በላህ?» ብለው ይጠይቁት። እመቤቴ፥ እርስዎም ድንቹን ሳይልጡ ይቀቅሉት፥ ጆንያውን ከመስኮቱ ያርቁት፥ ሻዩን ከገበታ ያዘግዩት። ሦስቱም ገንዘብ አያስወጡም፤ የሚያተርፉት ግን የልጅ ጤና ነው።